ደጅ ጥናት

እኔ በረኛ ነኝ፣ ግሪምዝቢ ከተማ፣
የባሕሩ ጩኸት ደጅ ድረስ የሚሰማ፤
ከምንጣፍ ሱቅ በላይ፣ በሁለተኛው ፎቅ
ስም እጠራለሁ እንጂ ፍርድ እንኳ አላውቅ።

ሊፍቱ ከጥር ወዲህ ቆሟል ተበላሽቶ፤
"መራመድ አልችልም" የሚል ሰው ተጠርቶ
ሠላሳ አራት ደረጃ ይወጣል ሊያስረዳ
መውጣት እንደማይችል። ከዚህ ወዲያ ምን ፍዳ!

ማክሰኞ ጧት መጣ ሔድሊ ስታምፐር፣
ኮፍያው የረጠበ፣ ትንፋሹም አጭር፤
አርባ ዓመት በበረዶ ዓሣ ሲበልት ኖሮ
እጁ ራሱ መንጠቆ ሆኗል ተቀይሮ።

የሚኒስቴሩ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦
"ወንበር ላይ ሲቀመጡ በሕመም አልተወዛወዙም።
ሲጠየቁ ቀና ብለው መልሰዋል።
ስለዚህ ያገኙት ነጥብ ዜሮ ነው።"

ዜሮ።
ክብ ናት፤ በር የላትም።

ቅር ያለው ሰው፣ ይላል ሕጉ፣
"እንደገና ይታይልኝ" ማለት ነው ወጉ።
የሚያየው ማን ነው? ያው የወሰነው ክፍል፤
ሚዛኑም እህሉም የነጋዴው ሲሆን ማን ጎደለ ይበል?
ከዚያ በኋላ ነው ወደኛ የሚመጣው።
ሔድሊን አሥራ አራት ወር ነው ደጅ ያስጠናው።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፣ ይላሉ።
እዚህ ግን ሰማይ ይታረሳል፤
በአውቶቡስ ቲኬት፣ በሐኪም ወረቀት፣
በሚያነክስ በሬ።

ዳኛዋ፣ ወይዘሮ ታክሬይ፣ መነጽር አወለቁ፤
"ደረጃውን እንዴት ወጡት?" ብለው ጠየቁ።
"አራት ጊዜ አርፌ፣ አንዴም ተቀምጬ፤
በረኛው ነው ያነሣኝ፣ እጁን ጨብጬ።"
የሚኒስቴሩ ወንበር ባዶውን ቀረ።
ሁሌም እንዲሁ ነው። እኔ ግን በየጧቱ አቧራውን እጠርግለታለሁ።

ከጥጉ አንዲት ሴት አለች፣ ሮዊና ክሌግ፣
ከዩኒቨርሲቲ፤ ማስታወሻዋ በጉልበቷ ላይ።
ትጽፋለች፦ ደቂቃውን፣ ባዶውን ወንበር፣
ማን እንደ ተናገረ፣ ማን አቀርቅሮ እንደ ነበር።
ሰው ደጅ ይጠናል፤ እሷ ደጁን ታጠናለች።
የአንድ ፊደል ልዩነት ነው፤
በዚያች ፊደል ግን እሷ ደመወዝ ታገኛለች።
ይህን ራሷ ነች የነገረችኝ፣ ሳትስቅ።

ሃያ ሦስት ደቂቃ። ለሔድሊ ተፈረደለት።
ዜሮዋ በር አወጣች።

ምሳ ሰዓት ላይ ሮዊና ሳንድዊቿን ከፍላ ሰጠችኝና፣
"ከሚመጡት ብዙዎቹ ይረታሉ፤ ቆጥሬአቸዋለሁ።
የማይመጡትን ግን በምን ልቁጠራቸው?
አንተ በሩ ላይ ነህ። የምታውቀው አለ?"
የለም አልኳት።

ዋሸሁ።
አክስቴ ሙሪየል ሁለት መንገድ አልፋ ትኖራለች፣
ያንኑ ደብዳቤ፣ ያችኑ ዜሮ ተቀብላለች፤
አራት ቦታ አጥፋ፣ ካጭሩ የጠረጴዛ እግር በታች
ወሽቃው፣ ሾርባዋን ሳይፈስ ትጠጣለች።
"መንግሥት አለ ካለ፣ አለ ነው፤ ብላ ልጄ።"
እሑድ እሑድ እበላለሁ።
ለከተማው ሁሉ በር የምከፍት ሰው
አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላነሣሁት።

የሮዊና ጥናት ለሚኒስቴሩ ደረሰ፤
"እናየዋለን" የሚል መልስ ተመለሰ።
እንግዲህ ወረቀቱም በተራው ደጅ ጠና።
በስድስተኛው ወር አንዲት ነገር ተለወጠች፦
"ይግባኝ ማለት ይችላሉ" የምትለው መስመር
ከአራተኛው ገጽ ጀርባ ወደ ፊተኛው ወጣች፣
በደማቅ ፊደል።
ከሦስት ዓመት ሥራ አንዲት መስመር። ሮዊና ግን አለቀሰች አሉ፤
በደስታ ይሁን በሌላ የሚያውቅ የለም።

እሑድ፣ ከሾርባው በፊት፣ ጎንበስ አልኩ።
ደብዳቤውን ስስበው ጠረጴዛው ዘመመ፣
ሳህኑ ተንሸራተተ።
ቀኑን በጣታችን ቆጠርን፤
ለዘገየ ሰው ከተተወው ጊዜ ዘጠኝ ቀን ቀርቶናል።

አክስቴ የፈሰሰውን በጨርቅ እየጠረገች
ቀና ሳትል ጠየቀችኝ፦
"ደረጃው ስንት ነው?"